ጠያቂው ሁሉ ከሄደ በኋላ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 26 ነው። የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ በኪራይ ቤት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሴት ከወለድኩ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። እናቴ ከደባርቅ መጥታ ሦስት ሳምንት አራሰችኝና ቤቷም ከብቱም የሚያይላት ስለሌለ ተመለሰች። ያን ጊዜ ቤቱ ሰው በሰው ነበር። አሁን ባለቤቴ ከንጋቱ 12 ሰዓት ባጃጁን ይዞ ይወጣል፣ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። ቀኑን ሙሉ እኔና እሷ ብቻ ነን። ስታለቅስ አብሬያት አለቅሳለሁ። ስትተኛ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ይነጋል። ምግብ አልበላ ብሎኛል። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ፣ ልጄን ሳያት የሰው ልጅ በአደራ የተቀበልኩ ይመስለኛል። የ45 ቀን ክትባቷን ሳስከትብ ነርሷ ‹ጡት ትጠባለች?› አለችኝ። ‹አዎ› ብዬ ወጣሁ። አማቴ ‹እኛ ማሳ ዳር ወልደን በሳምንቱ እንጀራ እንጋግር ነበር› ይሉኛል። ጎረቤቴ መጋኛ ነው፣ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን በሩን ዘግቼ ብሄድና ባልመለስ ለሁሉም ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም። ክፉ እናት ሆኜ ነው? ጠበል ልግባ ወይስ ሐኪም ቤት ልሂድ?»

እታለሜ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። «ብሄድና ባልመለስ» ስትዪ ምን ማለትሽ ነበር? እናትሽ ቤት ደባርቅ ሄዶ ሁለት ቀን መተኛት? ወይስ መሞት? በግልጽ የጠየቅሁሽ ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው ቃሉን ካነሳሁት ሐሳቡን አስገባባታለሁ ብሎ ይፈራል። አያስገባም። የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲያውም ቀለል ይለዋል።

መልስሽ «መሞት» ከሆነ፣ ወይም ልጅቱን ስለ መጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ንባብሽን አቁሚና ለባለቤትሽ ደውዪ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰድሽ። ሌሊትም ቢሆን ይውሰድሽ። እስኪደርስ ጎረቤትሽን ጥሪያትና አብራሽ ትቀመጥ። መጋኛ ያለችሽ እሷው ብትሆንም ግድ የለም፤ ዋናው ብቻሽን አለመሆንሽ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ክፉ እናት አይደለሽም። ታመሻል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምርመራውን የሚያደርግልሽ ሌላ ነው። ግን የጻፍሽውን አንድ የጤና ባለሙያ ቢያነበው ምን እንደሚጠረጥር አውቃለሁ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ነው። ዝም ብሎ ከሚያልፈው የአራስ ሆድ መባስ ይለያል። ያኛው ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ወላዶችን ይነካል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይጀምርና ያለ ምክንያት ያስለቅሳል፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ያንቺ ግን ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ልጅቱን እንደ ባዕድ ማየቱ፣ «ባልኖር ይሻላቸዋል» ማለቱ ሁሉ አንድ ላይ መጥቷል። ይሄ አመል አይደለም፣ ቅብጠትም አይደለም።

ብቻሽን እንዳይመስልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ100 አዲስ ወላዶች 13ቱ የአእምሮ ሕመም ይገጥማቸዋል፤ አብዛኛው ድብርት ነው። እንደኛ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። ከአምስት አራስ አንዷ ማለት ነው። አንቺ ወልደሽ በተኛሽበት ክፍል አምስት አልጋ ከነበረ አስቢው። በእርግዝናው ወቅት የሚጀምራቸውም ብዙ ናቸው።

እኔም አንዷ ነበርኩ። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። አጥሚት ጥጄ ከምድጃው ፊት ቆሜያለሁ። ሲፈላ አያለሁ፣ ሲገነፍል አያለሁ፣ እሳቱ ላይ ወርዶ ሲጨስ አያለሁ። እጄን ዘርግቼ ማውጣት አቃተኝ። ልጁ ከጓዳ ይጮሃል፣ እኔ የማየው አጥሚቱን ነው። ሰው ሲገባ ቤቱ ጢስ ሞልቶ ነበር። «እንቅልፍ ወስዶኝ ነው» ብዬ ዋሸሁ። በዚያው ሰሞን ልጁን ይዤ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። ሚዛን ላይ አስቀመጡት፣ ኪሎው ጥሩ ነው አሉ፣ «ደህና ነው፣ ሂጂ» አሉኝ። ደህና የነበረው እሱ ነው።

ያዳነችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። አራስ ልጠይቅ ብላ መጣችና ከሌላው ሰው የተለየ ነገር አደረገች። ልጁን ሳትገልጠው መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «ራስሽን ከታጠብሽ ስንት ቀንሽ?» አለችኝ። አላስታውስም ነበር። ውኃ አሞቀች፣ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ራሴን አጠበችኝ፣ ቅቤ ቀባችኝ። ጣቶቿ ፀጉሬ ውስጥ ሲገቡ እንባዬ መጣና ሁሉንም ዘረገፍኩት። እሷ ናት እጄን ይዛ ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ።

ይህን የምነግርሽ እኛ አገር አራስን መንከባከብ የማናውቅ ሆነን እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። እናውቃለን። አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላል፤ ከራስጌዋም ብረት ይቀመጣል። ብረቱ ምን እንደሚያባርር እኔ አላውቅም። «ብቻዋን አትተዋት» ያለው ሰው ግን የሚያውቀው ነገር ነበረው። ወዲህ ወለቃ እንኳ ቤተ እስራኤሎች በነበሩ ጊዜ የወለደች ሴት ለብቻው በተሠራ የአራስ ጎጆ ትቀመጥ ነበር፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን። ሕጉ የንጽህና ነው፣ እሱን ትተነው። ግን በዚያ ሁሉ ቀን ሥራ የሚያዛት አልነበረም።

የኛ ችግር ሁለት ነው ብዬ አስባለሁ። አንደኛ፣ ጠያቂው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይግተለተልና ድብርቱ ጉልበት በሚያገኝበት ሰዓት ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የመጣውም ቢሆን ገንፎውን ይበላል፣ ልጁ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። «አንቺስ?» የሚል የለም። ጤና ተቋሙም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የእናቲቱ ቀጠሮ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያበቃል፤ የልጁ የክትባት ካርድ ግን 15ኛ ወር ድረስ ይዘልቃል።

አማትሽ ማሳ ዳር ወልደው እንጀራ መጋገራቸውን አምናለሁ። ውሸታም አይደሉም። ግን ያልነገሩሽ አለ፤ ምናልባት እሳቸውም ረስተውታል። ያኔ ምድጃው ዳር አማት፣ ዋርሳ፣ የጎረቤት ሴት ነበሩ። ልጁን የሚያዝል እጅ አይጠፋም። አንቺ ማራኪ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ በር ዘግተሽ 14 ሰዓት ትቀመጫለሽ። እሳቸው አንድም ቀን እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። በዚያ ላይ ከእሳቸው ዘመን ሴቶች ስንቷ «ከወለደች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች» ተብላ እንደቀረች አስቢ። በየመንደሩ አንዲት አለች። ምን እንደነካት የጠየቃት ሰው የለም እንጂ።

ወደ ጠበሉ ልምጣ። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን እንድመርጥ ይፈልጋል፤ አልመርጥም። ጠበል የሚያጽናናሽ ከሆነ ጠበል ተጠመቂ። ሐኪም ቤቱን ግን አታስቀሪ፣ አታዘግዪም። ደግሞ አራስ ነሽ። በባዶ ሆድ፣ በሌሊት ብርድ፣ ልጅ ታቅፈሽ ወረፋ መጠበቅ ላንቺ አይሆንም። ለንስሐ አባትሽ ደውዪና «አራስ ነኝ፣ ታምሜያለሁ፣ ሕክምና ልጀምር ነው» በያቸው። ጠበሉን ቤት ድረስ ሊያመጡልሽ ይችላሉ። ስለ ጾሙም ጠይቂያቸው፤ አራስና የምታጠባ ሴት እንደምትፈታ ይነግሩሻል። 80 ቀን ሳይሞላ ከቤት አይወጣም የሚልሽ ካለ፣ ያ የቤተ ክርስቲያን መግቢያ ጉዳይ ነው። ሆስፒታል በር ላይ ቀን የሚቆጥር የለም።

ሐኪም ቤት ምን ይገጥመኛል ብለሽ እንዳትፈሪ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ ሂጂና አዋላጅ ነርሷን አናግሪ። ቀጣዩን የ10 ሳምንት ክትባት አትጠብቂ። በዚህ ጊዜ «ጡት ትጠባለች?» ስትልሽ «ትጠባለች፣ እኔ ግን ደህና አይደለሁም» በያት። እሱን አንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት ከባድ ከሆነብሽ ይህንኑ ደብዳቤሽን ስልክሽ ላይ ክፈችና አሳያት። ቆንጆ አድርገሽ ጽፈሽዋል።

ምናልባት አሥር ጥያቄ ያለው ወረቀት ያቀርቡልሻል። ኤድንብራ ይባላል። በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስኮትላንድ ውስጥ ለአራሶች ተብሎ የተሠራ ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ እናቶች ላይ ተፈትሿል። ያለፉትን ሰባት ቀናት ብቻ ነው የሚጠይቅሽ። ስቀሻል? ያለ ምክንያት ራስሽን ወቅሰሻል? ከሐዘን የተነሳ እንቅልፍ አጥተሻል? የመጨረሻው ጥያቄ ራስሽን ስለ መጉዳት ነው። እሱ ላይ አትዋሺ። የደም ምርመራም እንዲያዙልሽ ጠይቂ። የደም ማነስና ከወሊድ በኋላ የሚዛባ የእንቅርት ዕጢ ድካምና ድብርት ሊያመጡ ስለሚችሉ እነሱም መታየት አለባቸው።

ከዚያ በላይ ካስፈለገሽ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልኩሻል። የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «የአእምሮ» የሚለውን ስም ሰምተሽ ልብሽ እንዳይፈራ። በር ላይ የሚያውቅሽ ሰው ካጋጠመሽና «ምን ሆነሽ ነው?» ካለሽ፣ «አራስ ነኝ፣ ትንሽ አሞኝ» በቂ መልስ ነው። የቀረው የሱ ጉዳይ አይደለም።

ሕክምናው ሁልጊዜ መድኃኒት ማለት አይደለም። ንግግርም ሕክምና ነው። ፓኪስታን ገጠር ውስጥ ልክ እንደኛ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶችን አሠልጥነው ድብርት ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ከመውለዳቸው በፊትም ከወለዱ በኋላም ቤታቸው እየሄዱ እንዲያነጋግሯቸው አደረጉ። 16 ጊዜ ያህል ነው የሚሄዱት። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ውጤት እንደሚለው፣ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው እንዲህ ከተጎበኙት እናቶች ድብርቱ ያልለቀቃቸው ከ100 ወደ 23 ነበሩ። ያለዚህ ሥልጠና ከተጎበኙት ደግሞ 53። ሴቶቹ ሐኪም አልነበሩም። ቁጭ ብሎ መስማትና ነገሩን በትንሽ በትንሹ መፍታት ተምረው ነው።

መድኃኒት ከታዘዘልሽም ማጥባትሽን አስቀድመሽ ተናገሪ። ሰርትራሊንን የመሰለ፣ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው መጠን በጣም ትንሽ የሆነ አለ፤ ሐኪሙ ያንን አይቶ ይመርጥልሻል። በሦስተኛው ቀን ለውጥ አላየሁም ብለሽ አትተዪው። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ሲሻልሽም ራስሽ አታቋርጪው፤ ሐኪሙን ጠይቂ።

አሁን ባለቤትሽ። ክፉ ሰው ነው አላልሽኝም፣ «አልነገርኩትም» ነው ያልሽኝ። እንግዲህ ንገሪው። ግን ከቀኑ ሥራ ደክሞ እንደገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አይሁን። ራቱን ይብላ። ደግሞ «ከፍቶኛል» ብቻ አትበዪው፤ ወንዶች ይህን ሲሰሙ «ይለቅሻል» ብለው ይተኛሉ። የሚጨበጥ ነገር ስጪው። እንዲህ በዪው፦ «ከወለድኩ ወዲህ እንቅልፍ አልተኛሁም። በየቀኑ አለቅሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥዬ ልጠፋ አስቤ ነበር። ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው። ረቡዕ ጠዋት በባጃጁ ጤና ጣቢያ ውሰደኝ።» ቀን መቁረጡን አትርሺ። ፊት ለፊት ካቃተሽ ቴክስት አድርጊለት፣ ፌርማታ ላይ ሲቆም ያነበዋል።

ሁለተኛው የምትጠይቂው ነገር እንቅልፍ ነው። ስድስት ጊዜ የተቆራረጠ እንቅልፍ አይቆጠርም። በአንድ ወጥ አራት ወይም አምስት ሰዓት ያስፈልግሻል። ማታ 3 ሰዓት አጥብተሽ ተኚ። እስከ 7 ሰዓት ገደማ ልጅቱ የአባቷ ናት። ያስገሳታል፣ ሽንት ጨርቋን ይቀይራል፣ እቅፍ አድርጎ ይዞራል። ከራባት ብቻ አምጥቶ ጡትሽ ላይ ያስተኛትና መልሶ ይወስዳታል። ለሱም ከባድ ነው፣ በማለዳ መሪ ይይዛል። ስለዚህ በየሌሊቱ ሳይሆን በሳምንት ሦስት ሌሊት ይሁን፤ በተረፈው እኅት ወይም ዘመድ ፈልጉ። በሕግ ስለ አባት ፈቃድ ልነግርሽ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አባት ከደመወዝ ጋር ሦስት ቀን ይፈቀድለታል። ሦስት ቀን! ለዚያውም ለተቀጣሪ ነው። ለራሱ የሚሠራ የባጃጅ ሹፌርን አዋጁ አያውቀውም።

እናትሽን መልሰሽ ጥሪያት። «ደህና ነኝ» እያልሽ እንደምታወሪያት እርግጠኛ ነኝ። እውነቱን ስትሰማ ከብቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትመጣ ይሆናል። መምጣት ካልቻለች በየቀኑ አንድ ሰዓት ወስናችሁ ተደዋወሉ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጊና እሷ ስታወራ አንቺ አጥቢ።

ስለ ፍቅሩ ጉዳይ። ልጅ እንደተወለደ ፍቅር ከሰማይ ዱብ ይላል የሚለውን ማን እንዳመጣው አላውቅም። ለአንዳንዷ ይመጣል። ለአንዳንዷ በሦስተኛው ወር፣ ልጁ ዐይን ዐይኗን አይቶ ሲስቅ ይመጣል። ድብርት ሲኖር ደግሞ ይዘገያል። እስከዚያ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ስሜቱ ሳይመጣም ሌሊት ትነሻለሽ፣ ታጠቢያለሽ፣ የክትባት ቀን አላሳለፍሽም። በአደራ የተቀበልሽ ይመስልሻል አልሽኝ፤ እስካሁን አደራሽን አልበላሽም።

ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ቀላል ስለሆነ እንዳትንቂው። መጋረጃውን ክፈቺ። ምች ይመታሻል ተብለሽ ሰባት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠሽ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ለስላሳ ነው። ነጠላሽን ራስሽ ላይ ጣል አድርጊና ልጅቱን ይዘሽ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀመጪ። ግቢው ውስጥ ቡና የምታፈላ ሴት ትኖራለች። «ነይ ቡና ጠጪ» ካለችሽ እሺ በያት፤ ካላለችሽ አንቺ ሂጂባት።

አማትሽንም ተጠቀሚባቸው። «እማማ፣ እጅዎ በልጅ ይታወቃል፤ ማክሰኞና ዓርብ መጥተው ይያዙልኝ፣ ልተኛበት» በያቸው። ምክር ከሚሰጡ ልጅ ቢይዙ ለሁላችሁም ይበጃል። ያን ቀን ወጥ ልሥራ እንዳትዪ። ተኚ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህ ለባለቤትሽም ጭምር ነው፤ አስነብቢው። አልፎ አልፎ፣ ከ1000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቷ ላይ፣ ከድብርት የከፋ ነገር ይመጣል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማለች፣ ልጁ ተቀይሯል ትላለች፣ ለቀናት ሳትተኛ ጉልበቷ አያልቅም፣ ንግግሯ ይዘበራረቃል። ይህ ከታየ «መንፈስ ነው» እያሉ ቀን መቁጠር የለም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል፤ ልጁም ከእሷ ጋር ብቻውን አይተው። ያንቺ ምልክት ይህ አይመስለኝም፣ ግን ማወቁ አይከፋም።

እርጉዝ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም አላችሁ። የክትትል ቀጠሯችሁ ላይ ስለ ደም ግፊቱ ሲጠይቋችሁ ስለ እንቅልፋችሁና ስለ ሆድ መባሳችሁም ንገሯቸው። ከወዲሁ ደግሞ ከአራስ ጠያቂዎቻችሁ መካከል ሁለቱን ምረጡና «በመጀመሪያው ሳምንት አትምጡ፤ በአምስተኛው ሳምንት ኑልኝ» በሏቸው። ቅር የሚለው ይበለው።

እታለሜ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ምግብ አልበላ ብሎኛል ያልሽው ከልቤ አልወጣ ብሏል። ከረቡዕ በኋላ ጻፊልኝ። ነርሷ ምን እንዳለችሽና የዚያን ቀን ምሳ ምን እንደበላሽ ንገሪኝ።